የገበያነሽ ገንፎ

ገበያነሽ ሰው ሳታጎርስ ከቤቷ የምታስወጣ ሴት አልነበረችም። ይህን ከወንድሟ ከገብረሃና በላይ የሚያውቅ የለም፤ እናታቸው ከሞተች በኋላ አጥባና አብልታ ያሳደገችው እሷ ናት። ከፈረንጅ ሐኪም ዘንድ ሥራ የጀመረ ዕለት እንኳ አገልግል አንጠልጥላ እስከ ሐኪም ቤቱ በር ተከትላዋለች። «በባዶ ሆዱ ደም ሊያይ ነው እንዴ?» ብላ ጢሙን ያስረዘመውን ጎልማሳ እዚያው ፈረንጁ ፊት ደጋግማ አጎረሰችው። ፈረንጁ ሳቀ። ገብረሃና ጉንጩ እንደተወጠረ አፈረ።

ያ ፈረንጅ ሰውነት ቀዶ የሚያክም ሐኪም ነበር። በዚያን ጊዜ የአዲስ አበባ ሰው ሐኪም ሲባል መርፌ የሚወጋ ወይም ኪኒን የሚያድል ነበር የሚመስለው። ይኼኛው ግን የሰው ሆድ ከፍቶ፣ የተበላሸውን አውጥቶ፣ መልሶ ይሰፋል። ኦፕራሲዮን ይሉታል። የሰፈሩ ሰው «ልብስ ሰፊው» የሚል ስም አውጥቶለት ነበር። እሱም ስሙን ሰምቶ አልተቀየመም፤ «ዓይንም ጥርስም የየራሳቸው ሐኪም አላቸው። የቀረው ጨጓራውም፣ አንጀቱም፣ የበሰበሰው እግርም ለእኛ ለልብስ ሰፊዎቹ ነው» ይል ነበር በተሰባበረ አማርኛው።

ገብረሃና መጀመሪያ ሥራው ቢላ መያዝ መስሎት ነበር። ፈረንጁ ግን ለረዥም ጊዜ ቢላ አላስነካውም። ዕቃ አስቀቀለው። እጁን እስከ ክርኑ በሳሙና አስፈተገው። ክር በአንድ እጅ ማሰር አስለመደው። የሞተ ሥጋ ከሕያው የሚለይበትን ቦታ በጣቱ እየዳሰሰ፣ ሙቀቱ የሚቆምበትን እንዲያገኝ አስተማረው። «መቁረጡን ሥጋ ሻጭም ይችላል። የእኛ ሥራ ከመቁረጡ በፊትና ከመቁረጡ በኋላ ነው» እያለ ይቆጣው ነበር። ከሁሉ አብልጦ የሚቆጣበት ነገር ግን አንድ ነው፤ በማደንዘዣው፣ በኤተር የሚተኛ ሰው ሆዱ ባዶ መሆን አለበት። በኤተር የተኛ ሰው መዋጥም መሳልም አይችልም። የበላው ወደ ላይ የመጣ እንደሆነ ወደ ሳንባው ይወርድና በገዛ ምግቡ ታፍኖ ይሞታል።

ጣልያን ሲገባ ፈረንጁ አገር ለቆ ሄደ። ከየካቲቱ እልቂት በኋላ ደግሞ ፊደል የቆጠረ ሁሉ እየታደነ ሲጠፋ፣ ገብረሃና ወረቀቶቹን አቃጥሎ ከጣልያኖቹ ሐኪም ቤት በአንዱ ወለል ጠራጊ ሆኖ ገባ። ጽሕፈት ሲያይ የዓይኑን አቅጣጫ እንኳ መደበቅ ለመደ። ፈረንጁ የተወለትን የዕቃ ሣጥን ቂርቆስ እህቱ ቤት፣ ከባቄላው ጎታ ውስጥ ቀበረው። ከሐኪም ቤቱ ጠርሙስ ሥር የሚቀረውን ኤተር እያጠራቀመ ያመጣ ነበር። ቢያዝ እንደሚገደል ያውቃል፤ ለምን እንደሚያጠራቅመው ግን ራሱም በደንብ አያውቅም ነበር።

ያወቀው የእህቱ ባል ያደታ የተጎዳ ጊዜ ነው። ያደታ ድንጋይ ጠራቢ ነው። ከቂርቆስ ሽቅብ፣ ለጣልያን ጸሐፊዎች በሚሠራው መንደር ይሠራ ነበር፤ ፈረንጆቹ ካዛ ኢንቺስ የሚሉትን ሠራተኛው ከወዲሁ አፉ ላይ አላምጦ ካዛንቺስ ብሎታል። አንድ ቀን ከገመድ ያመለጠ ጥርብ ድንጋይ እግሩ ላይ አረፈ። ካቦው በቃሬዛ አስይዞ ወደ ቤቱ ሰደደው። ሰፈርተኛው ያገኘውን ወጌሻ ጠራለት፤ ወጌሻውም የተቻለውን ያህል አጥብቆ በሸምበቆ አሰረው። ገብረሃና መጥቶ ማሰሪያውን ሲፈታ ጣቶቹ ጠቁረዋል፤ ሽታው ከበር ይቀበላል።

ወደ ሐኪም ቤት እንውሰደው አላለም። ከየካቲት ወዲህ ቁስለኛ ይዞ የሄደ «የት ቆሰለ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ከጥያቄው ያልተመለሱም አሉ ይባላል። እውነቱን ፈጣሪ ይወቀው፣ ሰው ግን ቁስሉን ቤቱ ይዞ መቀመጥ ለምዶ ነበር።

«ከጉልበቱ በታች ይቆረጣል» አላት ገበያነሽን ውጭ አውጥቶ። «ካልተቆረጠ ሽቅብ ይወጣና ይገድለዋል።»

ገበያነሽ ቀና ብላ አየችው። «አንተ ነህ የምትቆርጠው?»

«እኔ ነኝ። ነገ ጠዋት። እታለም፣ አሁን የምነግርሽን ስሚኝ። ከዚህ ሰዓት ጀምሮ እህል እንዳይቀምስ። ውሃም ቢሆን።»

«ውሃም?»

«ውሃም። ማይልኝ።»

«ቂርቆስን» አለች፤ በዚያ ሰፈር ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ መሐላ የለም። ገብረሃና አመናት። ለምን እንደሆነ አላስረዳትም፤ ስለ ሳንባ ነግሮ ሊያስጨንቃት አልፈለገም።

በማግሥቱ ከበድሉ ጋር መጣ። በድሉ ጎረቤት ነው፤ ድንጋይ ጠረባ ላይ የያደታ ባልንጀራ፣ ደም አይቶ የማይደነግጥ ሰው። በሩን ነቅለው በሁለት ሣጥን ላይ አጋደሙት፤ በበሩ ቦታ መጋረጃ ሰቀሉ። ዕቃው ተቀቀለ። ያደታ ሲያነሱት «ገብሬ፣ ጫማውን አንዱን ለማን ልሸጠው?» ብሎ ቀለደ። ገበያነሽ ግንባሩን ስማው ወጣች። ዓይኗ ወንድሟን አላየም፤ እሱም የጭንቀት መስሎት አለፈው።

ሥራው አማረ። ይህን መናገር ያስቀይማል፣ ግን አማረ። ያደታ ኤተሩን እየሳበ እንደ ሕፃን ተኛ። ገብረሃና ጭኑን በጠፍር አስሮ፣ ሥጋው ሙቀት ካለበት ጀምሮ ቆረጠ፤ አጥንቱን በመጋዝ ለየ፤ የደም ሥሮቹን አንድ በአንድ አሰረ። የቆዳውን ከንፈር ገጥሞ የመጨረሻውን ስፌት ሊጀምር ሲል ያደታ ጉሮሮው ውስጥ አንድ ነገር ተንኮረኮረ።

ገብረሃና ወዲያው አወቀ። በጎኑ ገለበጠው፣ ጣቱን ከአፉ ከተተ። የወጣው ነጭ፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ ቅቤና በርበሬ የተለወሰ ገንፎ ነው። አውጥቶ ሳይጨርስ ሌላ መጣ። ያደታ ደረቱን ወደ ውስጥ ሳበ፣ ደግሞ ሳበ፣ ምንም አልገባም። ከንፈሩ ጠቆረ። በድሉ «ምን ሆነ? ምን ሆነ?» እያለ እግሩን እንደያዘ ቀረ። ገብረሃና ጀርባውን መታ፣ ደረቱን ተጫነ፣ የሚያውቀውን ሁሉ አደረገ። የታሰረው እግር ደሙን እንደያዘ፣ አንዲት ጠብታ ሳያፈስ ሰውየው ሞተ።

ከውጭ የገበያነሽ እግር ይሰማል፤ ግቢውን ትዞራለች። ገብረሃና በሸሚዙ ጫፍ የያደታን አፍ ጠረገ። ጢሙን ጠረገ። መሬት የፈሰሰውን በአመድ ሸፍኖ አፈሰው። በድሉ ያያል፣ ምን እንደሚያይ ግን አልገባውም። ከዚያ ገብረሃና መጋረጃውን ገለጠ።

«ምን ገደለው?» አለች ገበያነሽ። ሬሳውን አይታለች፤ ገና ግን አላለቀሰችም።

እውነቱ ምላሱ ላይ ነበር። ፊቷን አየና ዋጠው።

«አቅም አነሰው» አላት። «ልቡ ደከመች።»

ያደታ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። ድንኳኑ ከመነሣቱ በፊት ገበያነሽ ወንድሟን ከጓሮ ጠርታ እጁን ያዘችው። «አንድ ነገር ልንገርህ፣ አትቆጣኝ። ምዬልህ ነበር። ግን ጎህ ሲቀድ አሳዘነኝ፤ በባዶ ሆዱ ለቢላ ልሰጠው? ገንፎ ሠርቼ አጎረስኩት። ብዙም አልበላልኝ። አቅም አነሰው ስትለኝ አንጀቴ አረረ። ወይ ጨክኜ ጠግቦ እንዲበላ ባደረግሁት ኖሮ።»

ገብረሃና የእጇን ሙቀት ይዞ ቆመ። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ ካለመናገር የሚመጣው ግን ሹመት ማጣት ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። «ተይው እታለም» አለ። «በቃ፣ ተይው።» ሊያድናት ነበር። እንደዚያ ነበር የመሰለው።

ሣጥኑን ወደ ባቄላው ጎታ መለሰ። ክረምቱን ሙሉ ወለል ጠረገ። ማታ ማታ እህቱን ሊጠይቅ ይሄዳል፤ እሷም እራት ታቀርባለች፤ በልቶ ይመጣል። ገንፎ ስታቀርብለት ግን አሞኛል ይላል። ሰፈሩ በያደታ ሞት አላማውም፤ ይልቅ አዘነለት። ወሬው «እጁስ ደኅና ነበር፣ ሰውየው አቅም አንሶት ነው» የሚል ነበር። ከአፍ የወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ወሬው ከቂርቆስ እስከ ባቡር ጣቢያው ደርሶ፣ እዚያ ሲደርስ «ሰው ከመቀደዱ በፊት ይብላ» የሚል ምክር ሆኖ ነበር። ገብረሃና ይህን አልሰማም። ሐዘንተኛ ፊት ማን ያወራል?

መስቀል እንዳለፈ፣ አንድ እሁድ ጠዋት ዘሪቱ የተባለች ጎረቤት ነጠላዋን እየጎተተች መጣች። ባሏ ረጋሳ የባቡር ጣቢያ ተሸካሚ ነው፤ ሸክም ያመጣበት ቡአ አለበት። ቡአ ማለት ከብሽሽት በላይ ሾልኮ ወጥቶ የሚያብጥ አንጀት ነው፤ ረጋሳ ማታ ጋደም ሲል በመዳፉ ገፋ አድርጎ ወደ ቦታው ይመልሰው ነበር። ዛሬ አልመለስ ብሎታል።

ገብረሃና ሄዶ ዳሰሰው። እንደ ድንጋይ ጠንክሯል፤ ሲነኩት ረጋሳ የተኛበትን ሳንቃ ጨምድዶ ይይዛል። አንጀቱ ታንቋል። እስከ ማታ ከቆየ ይበሰብሳል፤ ከበሰበሰ ረጋሳን የሚያድነው የለም። ከያደታ በኋላ ቢላ አልነካም ብሎ ለራሱ ምሎ ነበር። የረጋሳን ሆድ እንደዳሰሰ ግን ጣቶቹ ሥራቸውን ጀመሩ፤ የት እንደሚቆርጡ አወቁ።

«ዕቃ ቀቅዬ እስክመጣ ምንም እንዳይቀምስ» አላት ዘሪቱን። «ሰማሽ? ምንም።»

«እሺ ጋሼ» አለች። ዓይኗ ግን ከእሱ ላይ ሸሸ። ያ ሽሽት የሆነ ነገር ሊያስታውሰው ይገባ ነበር።

ፀሐይ ከፍ ስትል ተመለሰ። በድሉ መጥቷል፤ የረጋሳም ሁለት ባልንጀሮች መጥተዋል። ገበያነሽ ከዘሪቱ ጋር በሩ አጠገብ ቆማለች። ገብረሃና የኤተሩን ጨርቅ አጥፎ ረጋሳ ፊት ላይ ሊያደርግ ጎንበስ ሲል የቅቤ ሽታ ሸተተው። የረጋሳ ጢም ጫፉ ላይ ያብለጨልጫል።

ጨርቁን አስቀመጠ። «ምን በላ?»

ረጋሳ ራሱ ነው የመለሰው፦ «ቅንጬ ነው። ሆዴ እምቢ እያለ ነው የዋጥኩት። ግድ ነው አሉኝ።»

«እኔ ነኝ» አለች ገበያነሽ ከበሩ። «ዘሪቱን አትቆጣት። እኔ ነኝ ሠርቼ ያመጣሁት። ያደታ አቅም አንሶት ሞተ ያልከኝ አንተ አይደለህም? ይኼኛውም እንዳያንሰው ብዬ ነው።»

ገብረሃና ጣቱን ከረጋሳ ጉሮሮ ከቶ አስመለሰው፤ እጁንም እንደገና ታጠበ። የገባው ሁሉ አልወጣም፤ የታነቀ አንጀት ያለው ሆድ ደግሞ አደራ አይጣልበትም። ቀና አለና «ኤተር የለም። ሳላስተኛው በቁሙ ነው የምቀደው» አለ።

ዘሪቱ መጀመሪያ ያልገባት መሰለች። ከዚያ ባሏ ላይ ተደፋች። «ምነው ጋሼ ገብረሃና፣ የእህትዎን ባል አስተኝተው አይደል የቆረጡት? የእኔ ሰው ተሸካሚ ስለሆነ ነው እንደ በግ የሚታረደው? አልሰጥም። ይሙትብኝ፣ አልሰጥም።»

ካላስረዳት አትሰጠውም። ለማስረዳት ደግሞ አንድ መንገድ ብቻ ነበር፤ በዚያ መንገድ ላይ እህቱ ቆማለች። ገብረሃና ከፈረንጁ ጋር ብዙ ነገር ቆርጧል፤ እንደዚህ እጁ የከበደው ግን አልነበረም። ዘሪቱን እያየ ተናገረ፤ ገበያነሽን ማየት አልቻለም።

«ያደታን የገደለው አቅም ማነስ አይደለም። ተኝቶ ሳለ ገንፎው ወደ ላይ መጣበት። ሳንባው ገባ። ታፍኖ ሞተ። ረጋሳንም ባስተኛው እንደዚያው ይሆናል።»

ዘሪቱ ወደ ገበያነሽ ዞረች።

«ታውቅ ነበር?» አለች ገበያነሽ።

«አውቅ ነበር።»

«ያን ዕለት?»

«አፉን የጠረግሁት እኔ ነኝ፣ እታለም።»

ገበያነሽ የበሩን መቃን ያዘች። ገብረሃና ትወድቃለች ብሎ አንድ እግሩን አነሣ፤ እጁ ታጥቧልና ሊይዛት አይችልም። ቆመ።

ዘሪቱ ከባሏ ላይ ቀስ ብላ ተነሣች። «ይቅደዱት» አለች።

በዚህን ጊዜ በድሉ «ሲጮህስ?» አለ በሹክሹክታ። «ኬላው እኮ እዚህ ታች ነው። ካራቢኔሪዎቹ ቢሰሙ ሁላችንም አለቅን።»

ይህን ገብረሃና አላሰበበትም ነበር። በኤተር የተኛ ሰው አይጮህም። አፉን በጨርቅ እንዳይጠቀጥቁት ደግሞ ቢያስመልሰው ይሞታል።

«እኔ አለቅሳለሁ» አለች ገበያነሽ።

ሁሉም ዞረው አዩአት።

«ለቅሶ ተቀምጠናል እንላለን። በዚህ ዘመን ያልተለቀሰበት ቤት የት አለ? ማንም አይጠይቅም።» ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወገቧ ላይ አሰረችው። «ሴቶቹን ጥሪያቸው፣ ዘሪቱ።»

የሰፈሩ ሴቶች ግቢው ውስጥ ተሰበሰቡ። ሦስቱ ወንዶች ረጋሳን ሳንቃው ላይ ያዙት፤ ጥርሱ መካከል የጠፍር ቁራጭ አደረጉለት። ገብረሃና ቢላውን አነሣ። የመጀመሪያው ቁርጥ ሲያርፍ ረጋሳ ጠፍሩን ተፍቶ ጮኸ። ጩኸቱ ከቤቱ ሳይወጣ ከግቢው የገበያነሽ ድምፅ ወጣ።

«ያደታ!» ብላ ጀመረች።

ሴቶቹ ለማስመሰል ነበር የመጡት። የያደታን ስም ሲሰሙ ተያዩ፤ ከዚያ ተቀበሏት። ገበያነሽ በቀብሩ ቀን ያላለቀሰችውን አለቀሰች። ድንጋይ ጠራቢዬ አለች፣ እግርህን ለወንድሜ ሰጥቼ ነፍስህን በእጄ ያወጣሁብህ አለች፣ እጄን ውሰደው አለች። ደረቷን ስትመታ ቤት ውስጥ ይሰማል። ገብረሃና እያንዳንዷን ቃል እየሰማ ቀደደ። እንባው ቁስሉ ላይ እንዳይወርድ ፊቱን በትከሻው ይጠርጋል፤ እጁ ግን አልተንቀጠቀጠም። ለዚህም ራሱን ጠላው።

አንጀቱን ያነቀውን የሥጋ ቀለበት ከፈተ። ውስጥ ያለው አንጀት የበሰለ ወይን ፍሬ መስሎ ጠቁሯል። አሁን መቁረጥ አይደለም፣ መጠበቅ ነው። በጨው ውሃ የተነከረ ሙቅ ጨርቅ አለበሰው። ሥጋው ሕያው ከሆነ ይቀላል፤ ከሞተ እንደጠቆረ ይቀራል። በድሉ «ምን እንጠብቃለን?» አለው። «መልኩን» አለ ገብረሃና። ረጋሳ ድምፁ ተዘግቶ ይቃትታል። ውጭ ለቅሶው ቀጥሏል። ጨርቁን አነሣ፤ ጥቁር ነው። ሌላ ሙቅ ጨርቅ አለበሰ። ደግሞ አነሣ። ከዳር በኩል ትንሽ ቀይ ገብቶበታል። ሦስተኛ ሲያነሣው ቀይው ሰፍቶ ነበር፤ አንጀቱ እንደ ትል ተላወሰ። ወደ ቦታው መልሶ ቀዳዳውን ሰፋው።

ሲወጣ ሴቶቹ ደክመው ተቀምጠዋል። ገበያነሽ ፊቷ በጥፍሯ ተቧጭሯል። ድምፅ የላትም።

«ተረፈ» አላት።

ራሷን ነቀነቀችና ነጠላዋን ፈትታ ለብሳ ወደ ቤቷ ሄደች። እሱ ሊከተላት ፈልጎ አልቻለም።

ረጋሳ ዳነ፤ እስከ ገና በከዘራ እየሄደ ስፌቱን ለሰው ሁሉ ሲያሳይ ከረመ። ገበያነሽ ግን ወንድሟን ሳታነጋግር ቆየች። እሱ ደጇ እየሄደ ይቀመጣል፤ እሷ በሩን አትዘጋበትም፣ ግባም አትለውም። እራት የሚባል ነገር ቀረ። ያደገበት እጅ ሳያጎርሰው ሲቀር ነው ምን እንዳደረጋት በደንብ የገባው። የደበቃት ሊያድናት አልነበረም፤ ፊቷን ማየት ፈርቶ ነው፤ ፍርሃቱን ደግሞ ረጋሳ በቁሙ ከፈለለት።

ከጥምቀት በኋላ አንዲት ሴት ጡቷ መግል ቋጥሮ ለኦፕራሲዮን ተዘጋጀች። ገብረሃና በማለዳ ከታማሚዋ ቤት ሲደርስ ገበያነሽ በሩ ላይ በርጩማ አስቀምጣ ተቀምጣለች። ከንጋት በፊት ጀምሮ እዚያ እንደነበረች ነጠላዋ ላይ ያለው ጤዛ ይናገራል። አላየችውም። እግሯን ሰብሰብ አድርጋ አሳለፈችው።

እጁን ሲታጠብ የታማሚዋ እናት በክዳን የተሸፈነ ሳህን ይዛ ስትመጣ በሩ ላይ ሰማ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች ገበያነሽ።

«ትንሽ ነገር ናት እናቴ፣ አቅም እንዲሆናት…»

«አውቃለሁ። እኔም ባሌን አቅም እንዲሆነው ብዬ አጉርሼ ነው የገደልኩት።» ድምፅዋ ከዚያ ለቅሶ ወዲህ እንደሻከረ ቀርቷል። «ግቢ፣ ሳሚያት። ሳህኑን ግን እዚህ እኔ ጋ ተይው።»

ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ ሳህኑን ከገበያነሽ እግር ሥር አስቀመጠችና ባዶ እጇን ገባች።